ከጉድጓዱ የወጣ ጥርስ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ አባላት የተነገረ)



 በዚህ መድረክ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ጨረቃ፥ ስለ ኤሌክትሪክ ኀይልና ስለ ታላላቅ ሰዎች ነው። እኛ ዛሬ ይዘን የቀረብነው ነገር ግን መጠኑ ከአንድ ጥርስ አይበልጥም። ይህንንም የመረጥንበት ምክንያት አለን።

ከአራት ዓመት በፊት፥ ሰባተኛ ክፍል ሳለን፥ ከሳሪስ ወረድ ብሎ ባለው ሜዳ ኳስ ስንጫወት የአንዱ ጓደኛችን የላይኛው የፊት ጥርስ በሌላ ልጅ ክርን ተመትቶ ከነሥሩ ወደቀ። እኛም የመሰለንን ሁሉ አደረግን። ጥርሱን ከአቧራ ውስጥ ፈልገን አገኘነው፤ በሳሙና አጠብነው፤ በሥሩ ላይ የተለጠፈውን ቀይ ነገር ቆሻሻ መስሎን በጥፍራችን ፋቅነው፤ ከዚያም በሶፍት ጠቅልለን ኪሳችን ከተትነው። እናቱ እስኪመጡ፥ ታክሲ እስኪገኝ፥ ተራ እስኪደርስ ድረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አለፈ። ሐኪሙ ጥርሱን ወደ ቦታው መለሱለት፤ እኛም ዳነ ብለን ተደሰትን። ያ የፋቅነው ቀይ ነገር ምን እንደ ነበረ ያወቅነው ግን ዘንድሮ፥ ለዚህ ንግግር መጻሕፍት ስናገላብጥ ነው።

ብዙ ሰው ጥርስ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ እንደ ምስማር የተመታ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በጥርሱ ሥርና በአጥንቱ መካከል በግምት የአንድ ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ የሚያህል ጠባብ ስፍራ አለ። በዚህ ስፍራ ኮላጅን ከሚባል ነገር የተሠሩ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ተወጥረዋል። ሐኪሞች ይህን ፔሪዮዶንታል ሊጋመንት ይሉታል፤ እኛ የጥርስ ጅማት እንበለው። በአያቶቹ ቤት የጠፍር አልጋ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጠፍሩ ከእንጨት ወደ እንጨት ተወጥሮ የተኛውን ሰው እንደሚሸከም፥ እነዚህም ክሮች በአንድ ጫፋቸው አጥንቱን፥ በሌላው ጫፋቸው የጥርሱን ሥር የሚሸፍነውን ሲሜንተም የሚባል ሽፋን ይዘው ጥርሱን በጉድጓዱ ውስጥ አንጠልጥለው ያኖሩታል። ቆሎ ስንቆረጥም ጥርሳችን በጥቂቱ እየሰጠ ኀይሉን የሚያበርደው ስለዚህ ነው። በክሮቹም መካከል ክሩን የሚፈትሉና የሚጠግኑ ሕያዋን ሕዋሳት ይኖራሉ።

እንግዲህ ጥርስ በድንገት ሲወጣ ጠፍሩ የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ መካከሉ ላይ ነው። ግማሹ ከአጥንቱ ጋር ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል፤ ግማሹ ደግሞ በሥሩ ላይ ተለጥፎ ይወጣል። እኛ ቆሻሻ ብለን የፋቅነው ቀይ ነገር ይኸው በሥሩ ላይ የቀረው ሕያው ግማሽ ነበረ።

የወጣን ጥርስ መመለስ አዲስ ነገር አይደለም። ከሺህ ዓመት በፊት በኮርዶባ ይኖር የነበረው ዐረባዊው ሐኪም አል ዘህራዊ ስለዚሁ ጽፏል፤ ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻርም እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1728 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ አንሥቶታል። ነገር ግን አንዱ ጥርስ ለምን እንደሚይዝ፥ ሌላው ደግሞ ለምን እየተበላ እንደሚጠፋ በቁጥር አስደግፈው ያሳዩት የዴንማርኩ ሐኪም ዬንስ አንድሬአሰንና ባልደረባቸው ናቸው። በ1966 ዓ.ም. (በፈረንጅ) ተመልሰው የተተከሉ 110 ጥርሶችን መርምረው ባወጡት ጽሑፍ፥ በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ ቦታቸው ከተመለሱት ከ10 ዘጠኙ ሥራቸው ሳይበላ ተገኝቷል። ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆዩት ግን ሥሩ ያልተበላ ማግኘት እጅግ አዳጋች ነበር።

ጥርሱ በጊዜ ሲመለስ የሚሆነው ነገር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ይህም በዝንጀሮና በጦጣ ላይ በተደረገ ምርምር ደረጃ በደረጃ ታይቷል። በመጀመሪያ በሁለቱ የተበጠሱ ግማሾች መካከል ያለውን ክፍተት ደም ይሞላዋል፤ ደሙም ይረጋል። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ገደማ አዳዲስ ሕዋሳትና እንደ ፀጕር የቀጠኑ የደም ሥሮች ወደ ረጋው ደም ይገባሉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ድዱ በጥርሱ አንገት ዙሪያ እንደገና ይጣበቃል፤ የድዱም ክሮች ይቀጣጠላሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በሩ ከተዘጋ ከአፍ የሚመጡ ጀርሞች ወደ ታች መውረድ አይችሉምና። የጅማቱ ክሮች ግን ዘግየት ይላሉ፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ከአጥንት እስከ ሥር ተቀጥለው ይታያሉ፤ አብዛኛውንም ጥንካሬያቸውን መልሰው ያገኛሉ። ሐኪም ጥርሱን ከጎረቤቶቹ ጋር በቀጭን ሽቦ የሚያስረው ለሁለት ሳምንት ያህል ብቻ የሆነውም ስለዚህ ነው። ሽቦውም ጥቂት የሚለመጥ መሆን አለበት። እኛ በበኩላችን የተሰበረ እጅ እንደሚታሰር ድርቅ አድርጎ ማሰር የሚሻል መስሎን ነበር፤ ለካስ ጅማት የሚያድገው ትንሽ ትንሽ ሲነቃነቅ ኖሯል።

በሥሩ ላይ ያሉት ሕዋሳት ሞተው ከሆነስ? ጉዳቱ ጥቂት ከሆነ ከአጠገቡ ያሉት ደኅና ሕዋሳት መጥተው ይሸፍኑታል። ብዙ ከሆነ ግን ቦታውን ቀድሞ የሚይዘው አጥንት ነው። አጥንት ከሥሩ ጋር ይጋጠማል፤ ጠፍር የነበረው ይጠፋል። አጥንታችን ዕድሜ ልኩን አሮጌውን እያፈረሰ አዲስ ስለሚሠራ፥ የጥርሱንም ሥር የራሱ አካል አድርጎ በመቍጠር ቀስ በቀስ አፍርሶ በአጥንት ይተካዋል። በልጅ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። መንጋጋው ሲያድግ ሌሎቹ ጥርሶች አብረው ይወርዳሉ፤ የተጋጠመው ግን ባለበት ይቀራል።

ጓደኛችን የደረሰበት ይኸው ነው። ጥርሱ አሁን ከጎረቤቱ አጥሮ ይታያል። ሐኪሙ በብረት መሣሪያ ነካ ነካ ሲያደርጉትም ከሌሎቹ የተለየ የቃጭል ዓይነት ድምፅ ይሰጣል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ወላጆቻችን በተለይ ቢያዳምጡን እንወዳለን። በአገራችን ሕፃን የወለቀ ጥርሱን ጣሪያ ላይ መወርወሩ የቆየ ልማድ ነው። ለወተት ጥርስ ይህ ምንም ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም የወተት ጥርስ በአደጋ ቢወጣ ተመልሶ መተከል የለበትም፤ ከበላዩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። ከስድስት ወይም ከሰባት ዓመት በኋላ የበቀለው የፊት ጥርስ ግን ምትክ የለውም፤ ጣሪያ ላይ አይወርወርም።

ቋሚ ጥርስ ከወደቀ በነጩ በኩል፥ ማለት ከድድ በላይ በሚታየው ጫፉ ይያዝ፤ ሥሩ አይነካ፥ አይፋቅ፥ በሳሙናም አይታጠብ። ቆሻሻ ካለበት በወተት ወይም በራሱ በልጁ ምራቅ ለቅለቅ አድርጎ፥ ልጁ ራሱን ያልሳተና ሌላ ከባድ ጉዳት የሌለበት ከሆነ፥ እዚያው ሜዳው ላይ ወደ ጉድጓዱ መመለስና መሐረብ ማስነከስ ነው። ይህ ድፍረት የሚጠይቅ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ከለቡ ወይም ከጀሞ ተነሥቶ ሐኪም ቤት ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ፥ በተለይ ማታ መንገዱ ሲጨናነቅ፥ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደረቅ ሆኖ ግማሽ ሰዓት የቆየ ጥርስ አብዛኞቹ ሕዋሳቱ ሞተዋል።

መመለስ ካልተቻለ ወተት ውስጥ ይቀመጥ። ወተት የተመረጠው ለሕዋሳቱ ተስማሚ የሆነ የጨው መጠንና የአሲድ ልክ ስላለው ነው። የቧንቧ ውሃ ግን ወደ ሕዋሳቱ ገብቶ እስኪፈነዱ ያሳብጣቸዋል። እርጎም ኮምጣጣ ስለ ሆነ አይሆንም። ጾም ሆኖ ወተት በቤት ባይገኝ ልጁ ብርጭቆ ውስጥ ምራቁን ይትፋና ጥርሱ በዚያ ይቀመጥ። (በጾም ቀን ጥርስን ወተት ውስጥ መንከር ጾም ያስፈርስ እንደ ሆነ አንድ ጓደኛችን ጠይቆ ነበር፤ ጥርሱ አይጠጣም ብለን መለስንለት።) ሐኪም ዘንድ ሲደረስም ጥርሱ መሬት ነክቷልና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ነገር ይጠየቅ። ሥሩ አድጎ የጨረሰ ጥርስ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ የውስጥ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ በውስጡ የሞተው ሥጋ ጀርም ካፈራ ድዱ ድኖ ሳለ ሥሩ ይበላልና። ሽቦው ሲፈታ ሁሉ ነገር ያለቀ መስሎን ቀጠሮ መተው የተለመደ ስሕተት ነው።

ጓደኛችን ታሪኩን እንድንናገር ፈቅዶልን በመካከላችሁ ተቀምጧል። መንጋጋው ዕድገቱን ሲጨርስ በዚያ ቦታ ምን እንደሚደረግ እንደሚወስኑ ሐኪሙ ነግረውታል፤ እስከዚያ ድረስ ጥርሱ እንደ ቆመ ይቈያል። እርሱ ራሱ በዚህ ዓመት ከስፖርት መምህራችን ጋር ተነጋግሮ፥ ክዳን ያለው ንጹሕ ብልቃጥ በመጀመሪያ እርዳታ ሣጥናችን ውስጥ እንዲቀመጥ አድርጓል። ወተቱን በራችን ፊት ለፊት ካለው ሱቅ እናመጣለን፤ ባለሱቁም ነገሩን ሰምተው ለጥርስ ከሆነ ገንዘብ እንደማይቀበሉ ነግረውናል።