የገበሬው እውቀትና የባለሙያው ትምህርት በመካነ ሰላም ደጋዎች
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል የለጋምቦን ውርጫማ ደጋ አቋርጦ መካነ ሰላም የሚደርስ መንገደኛ፣ ከከተማይቱ ባሻገር መሬቱ እየተቆራረጠ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ይመለከታል። በሰሜን በኩል ከሳይንት አገር ማዶ በሽሎ ይፈስሳል። በእነዚህ ሁለት ወንዞች መካከል የደጋው ገብስና ባቄላ፣ የወይና ደጋው ጤፍና ስንዴ፣ የቆላው ማሽላ እጅግ ተቀራርበው ይበቅላሉ። እንዲህ ያለውን አገር አንድ ዓይነት ዘርና አንድ ዓይነት ምክር ይበቃዋል ብሎ ማሰብ በካርታ ላይ ካልሆነ በቀር በማሳ ላይ አይሠራም።

በየጉባኤው «እውቀትን ለገበሬው ማድረስ» ሲባል ይሰማል። አነጋገሩ እውቀትን እንደ ማዳበሪያ በኩንታል ተጭኖ የሚወርድ ያስመስለዋል። የዚህ ንግግር አሳብ ግን፣ ባለሙያው ከገበሬው ያልተቀበለው እውቀት እስካለ ድረስ ለገበሬው የሚሰጠውም ትምህርት ጐዶሎ ነው የሚል ነው። ማስረጃውም ከሩቅ አይፈለግም፤ በወሎ ምድር ሞልቷል።

እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ሲንግና አክስቴል፣ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ የማሽላ ናሙናዎችን መርምረው ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር እጅግ የበዛባቸውን ሁለት ዓይነቶች እንዳገኙ አስታወቁ። ላይሲን የሰው አካል ራሱ ሊያዘጋጀው የማይችል፣ በማሽላም ውስጥ በጥቂቱ ብቻ የሚገኝ የፕሮቲን ክፍል ነው። ሁለቱም ናሙናዎች የኢትዮጵያ፣ ያውም የወሎ ሆነው ተገኙ። የዚህ ማሽላ ፍሬ የተጨማደደ፣ ምርቱም ከሌላው ያነሰ በመሆኑ በኩንታል ብቻ ለሚመዝን ባለሙያ ከማሳ የሚወገድ ዘር ነበር። የወሎ ገበሬ ግን ላይሲን የሚባል ስም ሳይሰማ ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ሲዘራው፣ እሸቱንም ጠብሶ ሲበላው ኖሯል። አገሬው ለማሽላ ዘሮቹ ያወጣቸው «ወተት በጉንጬ» እና «ስንዴ ለምኔ» የመሳሰሉት ስሞች ለጆሮ ማሳመሪያ ብቻ የወጡ አይመስሉም፤ የጣዕምና የምግብነት ምስክርነት አለባቸው። የሚያሳዝነው፣ ግኝቱ በውጭ አገር መጽሔት በወጣበት ወቅት፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ላይ፣ ዘሩን ጠብቆ ያቆየው የወሎ ሕዝብ በረሀብ ያልቅ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ረሀቡ ሲመለስ ብዙ ቤተሰብ የዘር ቋቱን እስከ መብላት ደረሰ። ያ ዘር ሲጠፋ፣ የትኛው ለውርጭ፣ የትኛው ለአጭር ክረምት፣ የትኛው ለመረሬ መሬት እንደሚሆን የሚለየው እውቀትም የሚያርፍበትን ያጣል። በእርዳታ የመጣው እህል ለመብል ቢደርስም የደጋውን ጠባይ የሚያውቅ ዘር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት ከካናዳ የእርዳታ ድርጅት ጋር ተባብሮ፣ ከ1988 ጀምሮ የአገሬውን ዘሮች በሸዋና በወሎ ገበሬዎች ማሳ ላይ መልሶ ማባዛት የጀመረው ይህን ጥፋት በመመልከት ነበር። ዶክተር መላኩ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በዚያ ሥራ ገበሬው የዘር ተቀባይ ብቻ አልነበረም፤ መራጭም ጠባቂም ነበር።

ስለ አፈር ጥበቃ ሲነሣ ደግሞ ጉዳዩ ለባለሙያው ይበልጥ የሚያም ይሆናል። በደርግ ዘመን በወሎ ተራራዎች ላይ ስንዴና ዘይት እየተከፈለ ብዙ እርከን ተሠራ። ገበሬው «እርከኑ መሬት ይወስዳል፤ አይጥ ያራባል፤ ውሃ ያቁራል፤ በሬ ለማዞር አያመችም» እያለ ቢያመለክትም አቤቱታው እንደ ስንፍና ተቈጠረ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ስፍራ እርከኑ ፈረሰ። ከደሴ ብዙም በማይርቀው በማይባር፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ግን፣ ከሌሎች እኅት ጣቢያዎች ጋር በመሆን ጐርፉንና አፈሩን ለዓመታት ሲለካ ቆይቷል። የልኬታው ውጤት በ1999 ሲታተም፣ እርከኑ የአፈርን መታጠብ በእጅጉ የቀነሰ ሆኖ ሳለ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርትን እንዳልጨመረ፣ በተለይም እርጥበት በበዛበት ስፍራ ውሃ ማቆሩ እውነት መሆኑ ታወቀ። ገበሬው አስቀድሞ የተናገረውን ለማመን ይህን ያህል ዓመት አስፈለገ።

ይህ ማለት ገበሬው ሁሉን ያውቃል ማለት አይደለም። ውሃን ከማሳው ለማስወጣት የሚያወጣው ፈሰስ የራሱን ሰብል ቢያድንም ከግርጌ ያለውን የጐረቤቱን መሬት ወደ ሸለቆነት ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ተነሥቶ «ኩብሳ» እና «ገለማ» የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ሲያጠፋም፣ በሽታው ከሩቅ ሲመጣ የሚያይ ዓይን ከአንድ ማሳ አይገኝም። እንዲህ ያለው ጉዳይ የባለሙያው ፈንታ ነው።

ሁለቱን እውቀቶች ማገናኘት እንደሚቻል በሰሜን ወሎ፣ በመቄት ወረዳ፣ በገረገራ የተደረገው ሥራ ያሳያል። አራት መቶ የሚሆኑ የዱረም ስንዴ ዓይነቶች፣ አብዛኞቹ ከገበሬ እጅ የተሰበሰቡ፣ በገረገራና በትግራይ ሐገረ ሰላም ተዘርተው በየስፍራው ሠላሳ ገበሬዎች፣ ግማሾቹ ሴቶች፣ እየዞሩ ነጥብ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት እንደሚገልጸው የገበሬዎቹ ፍርድ በዘፈቀደ የተሰጠ ሳይሆን ከሳይንሳዊው ልኬታ ጋር የሚነጻጸር ሆኖ ተገኝቷል። ከአገሬው ዘሮችም አንዳንዶቹ ከተሻሻሉት ዝርያዎች በልጠው ተመርጠዋል።

በቦረናና በአጎራባች ወረዳዎች ይህን መሰል ሥራ ለማከናወን አዲስ ድርጅት ማቋቋም የግድ አይደለም። ደቦና ወንፈል አሉ፤ ዝክርና ማኅበር አሉ፤ ገበያውም አለ። ዘርም ሆነ የዘር ወሬ ከጥንት ጀምሮ የሚተላለፈው በእነዚሁ ነው። በስብሰባ አዳራሽ ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ገበሬ በወንፈል ቀን በአጨዳ መካከል ስለ ማሳው ብዙ ይናገራል። ባለሙያው ማጭድ ይዞ ቢገኝ ይመረጣል፤ ማጭዱን ባያውቅበት እንኳ ለመሳቂያነት ይጠቅማል።

በአካባቢው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መቋቋሙ ደግሞ ወጣት ተመራማሪዎችን ከማሳው አጠገብ አድርጓቸዋል። ችግሩ ያለው በሪፖርቱ ላይ ነው። ከወረዳ ወደ ዞን የሚወጣው ሪፖርት የሠለጠነውን ገበሬ ብዛት፣ የተሠራውን እርከን ርዝመት፣ የተሠራጨውን ማዳበሪያ መጠን ይዘረዝራል እንጂ ባለሙያው ከገበሬው የተማረውን የሚመዘግብ ዓምድ ሊገኝበት አዳጋች ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩ የሚቀርበው አሳብ ቀላል ነው፤ ወጪውም የደብተር ዋጋ ነው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ የሚመደብ እያንዳንዱ አባል የመጀመሪያውን መኸር ምክር ከመስጠት ተቈጥቦ ዘር በመመዝገብ ያሳልፍ። በታኅሣሥና በጥር በየአውድማው ተገኝቶ፣ የከርሞውን ዘር የሚለዩትን እናቶች የትኛውን ለምን እንዳስቀሩ ይጠይቅ፤ የዘሩን ስም፣ የሚስማማውን መሬት፣ ከማን ተገኝቶ ለማን እንደ ተሰጠ ይጻፍ። ደብተሩም ለከርሞ በመካነ ሰላም በገበሬዎቹ ፊት ይነበብ፤ የተሳሳተውን እነርሱ ያርሙት። ሥራው በደንቆሮ ደን ዙሪያ ካሉት የገብስ ማሳዎች ሊጀመር ይችላል፤ የሚቀጥለው አዝመራ ሳይደርስ ሠራተኛ መመደብ ብቻ ይቀራል።