ኡልያኖስ የከለከለው ትምህርት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «ክርስቲያን ትምህርት ቤት ላቲንንና የጥንት አረማውያንን ድርሰት ለምን ያስተምራል?» የሚል ነው። ርእሱ ከተነገረ ጀምሮ በመካከላችን ሁለት ዓይነት ማጉረምረም ተሰምቷል። አንደኛው ወገን «ለጣዖት ይሰግዱ የነበሩ ሰዎች የጻፉት መጽሐፍ ለክርስቲያን ልጅ ምን ይረባዋል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «በሞተ ቋንቋ ላይ የሚጠፋው ሰዓት ለሒሳብና ለሳይንስ ቢውል አይሻልምን?» ይላል። ሁለቱም ጥያቄዎች ከቅን ልብ የመጡ ስለ ሆኑ በንቀት ልናልፋቸው አንወድም። መልሳችንን ከታሪክ እንጀምራለን፤ ዓመቶቹንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራቸዋለን።

ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ተቀምጦ በጦር ሲወጋው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የምናየውን ንጉሥ የማያውቅ በመካከላችን የለም። እርሱ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ኡልያኖስ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች በ363 ከፋርስ ጋር ሲዋጋ በጦር ቆስሎ እንደ ሞተ ይነግሩናል። ሥዕሉ የማይነግረን አንድ ሥራ ግን ነበረው። ኡልያኖስ በክርስትና ያደገና በአቴና የተማረ፣ መጽሐፍ ወዳድ ሰው ነበር። ስለዚህም ሃይማኖቱን ከለወጠ በኋላ ክርስቲያኖችን በትምህርት ሊያዳክማቸው አሰበ። በ362 ክርስቲያን መምህራን የሆሜርንና የሌሎቹን የጥንት ደራስያን መጻሕፍት እንዳያስተምሩ ከለከለ። ያቀረበውም ምክንያት፣ በአማልክቱ የማያምን ሰው ስለ አማልክቱ የተጻፈውን ማስተማር አይገባውም፤ ከፈለገ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ማቴዎስንና ሉቃስን ይተርጉም የሚል ነበር። በሮማ ከተማ የላቲን የንግግር ጥበብ ያስተምር የነበረውና በእርጅናው ዘመን ክርስትናን የተቀበለው ማርዮስ ቪክቶሪኖስ በዚህ ሕግ ምክንያት ትምህርት ቤቱን ለቀቀ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ እስቲ ይህን ነገር ልብ ብለን እንመርምረው። የአረማውያን መጽሐፍ ለክርስቲያን የሚጎዳ ቢሆን ኖሮ፣ የክርስቲያን ጠላት «እንኩ አንብቡ» ባለ ነበር እንጂ ባልከለከለ ነበር። ኡልያኖስ ግን የንግግርና የክርክር ጥበብ የተነጠቀ ሕዝብ በሸንጎ ፊት ድዳ እንደሚሆን ያውቅ ነበር። የዘመኑ የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ይህን ተረድተው ነበርና «ተገላገልን» አላሉም። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ሕጉን እየነቀፈ በኡልያኖስ ላይ ጻፈ። ከእርሱ ጋር በአቴና የተማረው፣ በስሙ የተጠራ ቅዳሴ ያለን ባስልዮስም ወጣቶች ከግሪኮች ድርሰት እንዴት እንደሚጠቀሙ የሚያስረዳ ንግግር ትቶልናል። በዚያ ንግግር ተማሪውን በንብ ይመስለዋል፤ ንብ በአበባው ሁሉ ላይ አታርፍም፣ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ብቻ ቀስማ ትሄዳለች። ሕጉ በ364 ተሻረ። እንግዲህ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ይህን ትምህርት በገዛ እጁ ቢያስወግደው፣ መርቆሬዎስ የወጋውን ንጉሥ ፈቃድ ይፈጽማል ማለት ነው።

ከግሪኩ ወደ ላቲኑ እንሻገር። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የመለሰው ሄሮኒሞስ፣ አውሮፓውያን ጄሮም የሚሉት፣ በሕልሙ በፈራጅ ፊት ቀርቦ «አንተ የሲሴሮ ነህ እንጂ የክርስቶስ አይደለህም» ተብሎ እንደ ተገረፈ ራሱ ጽፏል። ይህን ሕልም የአረማውያንን መጽሐፍ የሚጠሉ ሁሉ ይጠቅሱታል። ነገር ግን የኋለኛውን ታሪኩን አይጨምሩበትም። ሄሮኒሞስ በቤተ ልሔም ገዳም ሲኖር ለልጆች ቨርጂልን ያስተምር እንደ ነበር ባላጋራው ሩፊኖስ ከሶታል። ያ ክስ ለእኛ ምስክር ነው፤ በጌታችን የትውልድ ከተማ፣ በገዳም ውስጥ፣ የላቲን ሥነ ጽሑፍ ይነበብ ነበርና።

እስካሁን የተናገርነው ለመጀመሪያው ወገን ነው። ለሁለተኛው ወገን ደግሞ የምንመልሰው አለን። ላቲን ሒሳብ ያቀላል፣ ጭንቅላት ይስላል የሚሉ አሉ፤ እኛ በዚህ አንከራከርም። ኒውተን ታላቁን መጽሐፉን በ1687 በላቲን አሳተመ፤ ዛሬ ግን የፊዚክስ ተማሪ በሌላ ቋንቋ ሊማረው ይችላል። የጥንት ቋንቋ ዋና ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ይኸውም የተጻፈን ነገር ከምንጩ መርምሮ እውነቱን ከሐሰቱ መለየት ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በመካከለኛው ዘመን የሮማ ጳጳሳት በምዕራብ አገሮች ላይ ለነበራቸው የሥልጣን ይገባኛል ማስረጃ ካደረጓቸው ጽሑፎች አንዱ «የቆስጠንጢኖስ ስጦታ» የተባለው ነበር። በ1440 ሎሬንሶ ቫላ የተባለ ኢጣልያዊ ሊቅ ያን ጽሑፍ አንሥቶ ላቲኑን ቃል በቃል መረመረው። በቆስጠንጢኖስ ዘመን የነበረ የሮማ ሰው ሊጽፋቸው የማይችላቸውን ቃላት አገኘበት፤ የፋርስ አገረ ገዥዎች መጠሪያ የሆነው «ሳትራፕ» በሮማ ሹማምንት መካከል ተቆጥሮ ነበር። በዚህና ይህን በመሰለው ማስረጃ ጽሑፉ ሐሰት መሆኑን ገለጠ። ቫላ ጦር አልነበረውም፤ የነበረው ሰዋስው ነው። ይኸው ሰው የላቲኑን አዲስ ኪዳን ከግሪኩ ጋር እያስተያየ ማስታወሻ ጻፈ። ኤራስመስም ማስታወሻውን በ1505 አሳተመ፤ በ1516 ደግሞ ራሱ የግሪኩን አዲስ ኪዳን አወጣ። ሰዋስው የማያውቅ ሰው ግን «ተጽፏል» ሲሉት አሜን ከማለት በቀር ምርጫ የለውም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ ዘንድ የላቲን ስም ሲነሣ ልቡ ቅር የሚለው ሰው ቢኖር ምክንያት አለው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የላቲኖችን ሥርዓት በግድ ለመትከል በተደረገው ሙከራ ብዙ ደም ፈስሶ፣ የአባቶች ሃይማኖት የተመለሰው በ1632 ነው። ይሁን እንጂ ቋንቋ በተናጋሪው በደል አይፈረድበትም። የኢዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681 የታተመው በላቲን ነው፤ ያን ዕውቀት ለሉዶልፍ የሰጠውም የእኛው ሰው አባ ጎርጎርዮስ ነበር። በ1698 የታተመው የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውም በላቲን የተጻፈ ነው። አውጉስት ዲልማን በ1865 ያሳተመው ታላቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ትርጓሜው በላቲን ነው፤ የግዕዝ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይገልጡታል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ተማሪ የገዛ አያቶቹን ቃል ፍቺ ፈልጎ መጽሐፉን ሲከፍት ላቲን ካላወቀ በር ላይ ይቀራል። ስለ እኛ የተጻፈውን እኛ ካልመረመርነው ማን ይመርምርልን?

ደግሞም የጥንት ጥበብ ትምህርት ለእኛ እንግዳ አይደለም። አንጋረ ፈላስፋን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት አባቶቻችን የሶቅራጥስንና የአፍላጦንን ስም በገዳም ሲጽፉ ሃይማኖታችን ይጎድላል ብለው አልፈሩም። የቅኔ ቤታችንም በግዕዝ የሚያስተምር የክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ግስ በመገሰስ ብቻ አይመረቅም፤ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ የራሱን ቅኔ እየቆጠረ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል። «ይህ ትምህርት የባለጠጋ ቅንጦት ነው» ለሚሉም መልሱ ከዚያው ይገኛል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ቁራሽ እየለመነ የተማረው የቆሎ ተማሪ የማን ባለጠጋ ልጅ ነበር?

ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ መምህራን እንሆናለን። ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ላቲንም ሆነ ግዕዝ በእርባታ ሽምደዳ አይቁም፤ ተማሪው እንደ ቅኔ ቤቱ ራሱ ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ አረማዊው ደራሲና የቤተ ክርስቲያኑ አባት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይነበቡ፤ ቨርጂልን ያላነበበ ሰው ቨርጂልን እያነበበ ያደገውን አውግስጢኖስን በሙሉ ሊረዳው አይችልምና። ሦስተኛ፣ ለኢትዮጵያዊው ተማሪ ግዕዝ ይቅደም፤ ምርምር ለሚሹት ላቲን ይከተል። ግዕዝን ትቶ ላቲን የሚያጠና ተማሪ የራሱን ቤት ዘግቶ የሰው ደጅ ይጠናል።

በዚህ አሳብ የማይስማማ ጓደኛ ካለ ተነሥቶ ይከራከረን። ይህ ትምህርት የቆመው ለክርክር ነውና፣ ዝም ከምትሉን ብትነቅፉን ይሻለናል።