ከመቀሌ በላይ ያለው እንዳ ኢየሱስ

መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ማታ ማታ ጋቢ የምታስደርበውም ለዚህ ነው። በስተምሥራቅ ቀና ስትሉ የሚታየው ከፍታ እንዳ ኢየሱስ ይባላል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢም እዚያው ነው፤ ሽቅብ መራመድ ለሚወድ ሰው ከከተማው መውጣት እንኳ አያስፈልገውም።

ስትወጡ ድንጋዩን ልብ በሉ። አካባቢው በዳይኖሰሮች ዘመን ባሕር ነበር። ወለሉ ላይ የተከማቸው ደለል ጠጥሮ ኖራ ድንጋይ ሆነ። የመሰቦ ሲሚንቶም ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ ነው የሚሠራው። ኋላ ከምድር ውስጥ የመጣ ቅልጥ አለት በንብርብሮቹ መካከል ሰርጎ ቀዘቀዘ፤ ጠቆር ያለው ጠንካራ ድንጋይ እሱ ነው።

የከፍታው ታሪክ ግን ከውሃ ጋር የተያያዘ ነው። በ1888 ዓ.ም. ጣሊያኖች እንዳ ኢየሱስ ላይ ሲመሽጉ ውሃው ከምሽጉ ውጭ ቀረ። እቴጌ ጣይቱ ምንጩን አስያዙ፤ በጥም የተጨነቀው የሻለቃ ጋሊያኖ ጦርም በጥር ወር ምሽጉን ለቀቀ። እኔን ከመድፍ ይልቅ እቴጌይቱ መልክዓ ምድሩን ማንበባቸው ይደንቀኛል።

ራቅ ማለት ለሚሻ በስተደቡብ የትግራይ ገዥ የነበሩት የራስ ወልደ ሥላሴ መቀመጫ ጨለቆት አለች። ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ስለሚበረታ መስከረምና ጥቅምት ለእግር ጉዞ ይመቻሉ። ከከተማ ስትወጡ ግን የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ ከቅርቡ የትግራይ ጦርነት የቀሩ ያልፈነዱ ተተኳሾች በክልሉ ስላሉ ከተለመደው መንገድ አትውጡ፣ የማታውቁትን ብረትም አትንኩ።