የአኒዮኖች ሰንሰለትና የስፒን ሰንሰለት ዝምድና



እዚህ ደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር ሹሩባ ሲጎነጎን ያየ ሰው፣ ዘለላዎቹ የተላለፉበት ቅደም ተከተል የጉንጉኑን መልክ እንደሚወስን ያውቃል። በባለ ሁለት ልኬት ገጽ ላይ የሚኖሩት ፊቦናቺ የተባሉ አኒዮኖችም ጠባያቸው እንዲሁ ነው፤ ቦታ የተለዋወጡበት ቅደም ተከተል የጋራ ሁኔታቸውን ይለውጣል። ስለሆነም የኳንተም መረጃ ማኖሪያ እንዲሆኑ ታስበዋል።

ነገር ግን እጅግ ሲቀራረቡ ምን ይሆናሉ? መልሱ የተገኘው ከቀድሞ ወዳጃችን ከስፒን ሰንሰለት ነው። የሁለት ግማሽ ስፒኖች ድምር 0 ወይም 1 እንደሚሆን ሁሉ፣ ሁለት አኒዮኖችም ሲጣመሩ ወይ ይጠፋፋሉ፣ ወይ አንድ አኒዮን ሆነው ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፋይጊንና ባልደረቦቹ ለአንደኛው ውጤት ዝቅ ያለ ጉልበት በመስጠት «ወርቃማው ሰንሰለት» ያሉትን አቀረቡ። ይህም ሰንሰለት፣ ቤቴ በ1931 እንደ ፈታው የስፒን ሰንሰለት፣ እጅግ ሲረዝም የጉልበት ክፍተት አይኖረውም፤ በጥቂት ጉልበት ይናወጣል። እንግዲህ መረጃው እንዲጠበቅ አኒዮኖቹን ማራራቅ ግድ ነው።

ዝምድናው ግን አንድነት አይደለም። በቀለበት የተያያዙ 6 ስፒኖች 64 ሁኔታዎች ሲኖሯቸው፣ 6 አኒዮኖች 18 ብቻ አሏቸው። ሁኔታው የጥምረቱ እንጂ የየአንዳንዱ ድርሻ አይደለምና።

የቅዝቃዜ ቤተ ሙከራ ለሌለን መምህራን፣ እነዚህ 18 ሁኔታዎች በእርሳስና በወረቀት የሚደረስባቸው ናቸው። ከዚያ እንጀምር።