ፈቃድና የማቆሚያ ቃል

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ስለ ግድብና ስለ ድልድይ መስማት ለለመደ ጉባኤ የዛሬው ርእስ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም፤ ሆኖም በመሠረቱ የቁጥጥር ጥያቄ ነው። ቢዲኤስኤም በሚል ምሕጻር ከሚጠሩት የሩካቤ ልማዶች በአንደኛው፣ ለአካለ መጠን ከደረሱ ሁለት ሰዎች አንዱ የገዛ አካሉን የእርካታ ጊዜ በውዴታ ለሌላው ውሳኔ ያስረክባል፤ «አሁን» ወይም «ቆይ» ማለት የተረካቢው ሥልጣን ይሆናል። ማዘግየቱ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ጄምስ ሲማንስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1956 ችኩልነት ለሚያስቸግራቸው ወንዶች ማነሣሣትንና ማቆምን የሚያፈራርቅ ሕክምና አሳትሟል። በዚያ ግን ልጓሙ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ በዚህ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

የተሰጠው ሥልጣን በምን ይመለሳል? በማቆሚያ ቃል ነው። «ተው» ማለት የጨዋታው ክፍል ሊሆን ስለሚችል፣ ከነገሩ ጋር የማይዛመድ ቃል አስቀድሞ ይመረጣል፤ ብዙዎች ከትራፊክ መብራት ተውሰው «ቀይ» ይላሉ፣ ለማብረድም «ብጫ»። አፍ መናገር በማይችልበት ጊዜ እጅ አንድ ዕቃ ይጨብጣል፤ ዕቃው ከወደቀ ሁሉ ይቆማል። ይህን የባቡር መሐንዲስ ያውቀዋል። ነጂው እግሩን ከመርገጫው ካነሣ ባቡሩ ይቆማል፤ በዌስቲንግሃውስ ፍሬንም የቧንቧው አየር ሲያመልጥ ፍሬኑ ይይዛል እንጂ አይለቅም። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ዝምታ እሺታ ሆኖ አይቆጠርም።

ይሁን እንጂ ቃሉ ብቻውን አይበቃም። አለቃውን የሚፈራ ሠራተኛ ቀዩን ቁልፍ አጠገቡ እያየ ማሽኑን ሳያቆም እንደሚቀር ሁሉ፣ የቤት ኪራዩ ወይም ደመወዙ በተረካቢው እጅ ያለ ሰውም ቃሉን ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ ትንፋሽንና ዐይንን መከታተል የተረካቢው ግዴታ ነው፤ «ቃሉን አልተናገረችም» የሚል መከላከያ፣ ጠቋሚውን ሳያይ ቦይለር ያፈነዳ ሰው ከሚያቀርበው ምክንያት አይሻልም።

ሕግና ሕክምና በዚህ ረገድ አልተስማሙም። የእንግሊዝ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1987 «ስፓነር» በሚል ስም (የመፍቻ ስም መሆኑ ይገርማል) በጀመረው ምርመራ፣ በፈቃዳቸው ሥቃይ የተለዋወጡ ወንዶች ተከሰሱ፤ ከመካከላቸው ተጎዳሁ ብሎ ያመለከተ ግን አልነበረም። የጌቶች ምክር ቤት በ1993 በ3 ድምፅ ለ2፣ በአካል ላይ ጉዳት ከደረሰ ፈቃድ መከላከያ አይሆንም ሲል ፈረደ። የዓለም የጤና ድርጅት በበኩሉ በ2022 ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምድብ፣ በስምምነት የሚደረገውን ልማድ ለብቻው እንደ በሽታ መቁጠሩን ትቷል፤ ያለ ፈቃድ የሚፈጸመው ግን እንደተመዘገበ ነው። ለእንግሊዝና ለዌልስ በ2021 የወጣው ሕግ ደግሞ፣ ለሩካቤ እርካታ ሲባል የደረሰ ከባድ ጉዳት በፈቃድ እንደማይመካኝ ደነገገ፤ ከዚያ በፊት በአንዳንድ የግድያ ክሶች የሟቿን ፈቃድ የሚመሰክረው ተከሳሹ ራሱ ነበር።