ከቤተ ሰቡ የመጀመሪያው የኮሌጅ ተማሪ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ያለው ደጋ ትምህርት ያልነካው አገር አይደለም። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ በመሆን ለዘመናት ከየአቅጣጫው ደቀ መዝሙር ሲጎርፍባቸው ኖሯል። ስለሆነም ከእስቴ ወይም ከስማዳ ተነሥቶ ኮሌጅ የሚገባ ወጣት ከቤተ ሰቡ የመጀመሪያው ነው ሲባል፣ ትምህርት ከማይታወቅበት አገር መጣ ማለት አይደለም። ወላጆቹ የትምህርትን ክብር አሳምረው ያውቃሉ፤ የማያውቁት የኮሌጅን አሠራር ነው።

ደበሎ ለብሶ ከቤቱ የወጣው የቆሎ ተማሪ፣ ወላጆቹ ባይከተሉትም ብቻውን አልነበረም። ነባሩ ተማሪ ከጎጆው ያስጠጋዋል፤ ቁራሽ እንዴት እንደሚለመን፣ ውሻ እንዴት እንደሚመከት ያሳየዋል፤ ከየኔታ ፊት ከመቅረቡ በፊትም ቃሉን ያስጠናዋል። ለአዲስ ገቢ መንገድ ማሳየት የሥርዓቱ አንድ ክፍል ነበር።

በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ የእንጨት፣ የኤሌክትሪክና የእርሻ መሣሪያ ሙያዎችን ያስተምር ነበር። እንዲህ ባለ አነስተኛ ተቋም መምህሩ ተማሪውን በስሙ ሊያውቀው ይችላል፤ ለመጀመሪያው ተማሪ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ኢንስቲትዩቱ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ። ይሁን እንጂ ሕንፃው ለመንደር ስለ ቀረበ ብቻ አሠራሩ ለተማሪው ቀረበ ማለት አይቻልም። ምደባው በአገር አቀፍ ደረጃ ሲፈጸም ስለ ኖረ፣ የጉና ሥር ልጅ ጅማ ወይም ሐዋሳ የሚደርሰው ጊዜ አለ።

ችግሩ የሚጀምረው ከሙያ ምርጫው ነው። ለዚህ ወጣት መሐንዲስ ማለት በቻይና እርዳታ የተሠራውን የወረታና የወልድያ መንገድ የመሰለ ሥራ የሚሠራ ሰው ነው፤ የቀሩትን የምሕንድስና ዘርፎች በስም እንኳ አልሰማቸውም። ቀጥሎ የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ይመጣል። ውጤቱ ዝቅ ባለ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ኮርስ እንዴት እንደሚደገም፣ አማካሪ መምህር ለምን እንደ ተመደበ የሚጠይቀው ሰው በቤቱ የለም። የመምህር ወይም የሐኪም ልጅ በእራት ገበታ ላይ የሚሰማውን፣ እርሱ ከማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ያውም ቀኑ ካለፈ በኋላ ያነበዋል። አባቱ ወይፈን ሸጦ የላከው እንደ ሆነ ደግሞ ኀፍረቱ እጥፍ ነው። ስለዚህ ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ ስንፍና ይቆጠርበታል። አእምሮው ለትምህርቱ እየበቃ፣ በዝምታው ብቻ ከትምህርት ገበታ ሊወጣ ይችላል።

ለዚህ ሙያ ማኅበር ከጋፋት የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በዚያች መንደር፣ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ሴባስቶፖልን በ1859 ዓ.ም. ቀልጦ በተፈሰሰ ነሐስ ሠሩ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ ሞቱ፤ አውሮፓውያኑም ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጡ። የጋፋት ሥራም ተቋረጠ። የመጀመሪያዎቹ ነበሩ፤ ተከታይ ግን አልቆመላቸውም።

እንግዲህ ማኅበሩ ሊያደርገው የሚገባው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ አባል በሚሠራበት አካባቢ ወዳለው ኮሌጅ በመጀመሪያው መንፈቅ ሄዶ የሙያ ዘርፎቹን በቀላል አማርኛ ያስረዳ። ሁለተኛ፣ በየሥራ ቦታው ያሉ ባለሙያዎች ለአዲስ ገቢዎች የግንባታ ሥፍራና የማሽን ቤት በር ይክፈቱ። ሦስተኛ፣ ከነባር ተማሪዎች አንዳንዱ ለአንድ አዲስ ገቢ ኃላፊ እንዲሆን ከኮሌጆቹ ጋር ስምምነት ይደረግ፤ ይህም የአብነት ትምህርት ቤቱ ጥንት የሠራበት ዘዴ ነው።

ከአንድ ቤት የመጀመሪያው ተማሪ ሲመረቅ ደስታው የመንደር ነው። ማኅበሩ ሊጠይቀው የሚገባ ግን ከዚያ ቤትና ከዚያ መንደር ሁለተኛው መቼ እንደሚመጣ፣ መንገዱንም ማን እንዳሳየው ነው።