የሚቆጠርና የሚሰፈር



ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። አሁን ደግሞ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ይዘው የሚመጡትን የእንግሊዝኛ ደብተር እያገላበጣችሁ «ይኸስ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ደስ አሰኝቶናል። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እንግሊዝኛ ስሞች ነው። ስም ስንል የሰው መጠሪያ ብቻ ማለታችን አይደለም። በሬም ስም ነው፤ ውሃም ስም ነው፤ ወሬም ስም ነው።

«እንግሊዝኛ ለገበሬ ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። የማዳበሪያው ጆንያና የመድኃኒቱ ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ገንዘብ ከፍላችሁ የምትወስዱት ግን እናንተ ናችሁ።

ከምናውቀው እንነሣ። ገበሬ ሀብቱን በሁለት መንገድ ያውቃል። በሬውን ይቆጥራል፤ ጤፉን ይሰፍራል። በሬ በቁና አይሰፈርም። ጤፍንም አንድ፣ ሁለት ብሎ የሚቆጥር የለም። አንድ ግራም ለመሙላት ብቻ ወደ 3,000 የሚጠጋ የጤፍ ፍሬ ያስፈልጋል። ቆጥረን ጎተራ እናስገባ ብንል ክረምቱ ይደርስብናል።

እንግሊዝኛም ስሞችን የሚለየው እንዲሁ ነው። የሚቆጠር አለ፤ የማይቆጠር አለ። የሚቆጠረው ነገር አንድ ሲሆን ነጠላ ቁጥር፣ ከአንድ ሲበልጥ ብዙ ቁጥር ይባላል።

ላም በእንግሊዝኛ ካው ነው። አንድ ላም ለማለት ዋን ካው፣ ሁለት ላም ለማለት ቱ ካውዝ ይባላል። መጨረሻው ላይ የተጨመረችው ፊደል ኤስ ትባላለች። እንደ እባብ ተጠማዝዛ ነው የምትጻፈው። ስትነበብ አንዳንድ ጊዜ «ስ»፣ አንዳንድ ጊዜ «ዝ» ትላለች።

እዚህ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ይለያያሉ። እኛ «ሁለት በሬ አለኝ» እንላለን። «ሁለት በሬዎች አሉኝ» ማለትም ያስኬዳል፤ ግን «ሁለት በሬ» ያለውን ማንም አይነቅፈውም። ሁለት ከተባለ ብዙ መሆኑ ታውቋል፤ «ዎች» ምን ትሠራለች? እንግሊዝኛ ግን በዚህ ነገር ምሕረት የለውም። ሁለት ተብሎም ኤስ ካልተጨመረች ስሕተት ነው ይላል። ልጃችሁ «ቱ ካው» ብሎ ቢጽፍና መምህሩ በቀይ ቢያርመው፣ ልጁን ሰነፍ አትበሉት። አማርኛው ጎትቶት ነው።

በሌላ በኩል አማርኛ የሚያበዛውን እንግሊዝኛ የማያበዛበት ቦታ አለ። ትልቁን ትልልቅ፣ ረጅሙን ረጃጅም፣ አዲሱን አዳዲስ እንላለን። «ትልልቅ በሬ ገዛ» ከተባለ፣ የገዛው አንድ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችን እንሰማለን። እንግሊዝ ለአንዱም ለመቶውም ቢግ ይላል እንጂ ትልልቅ የሚልበት ቃል የለውም።

ኤስ የማትገባባቸው የሚቆጠሩ ስሞችም አሉ። አንዱ በሬ ነው። አንድ በሬ ኦክስ፣ ብዙው ኦክስን ይባላል። ከሺህ ዓመት በፊት እንግሊዞች ብዙ ስሞችን የሚያበዙት እንዲህ በ«ን» ነበር። ኋላ ኤስ እየተስፋፋች ሌሎቹን ሁሉ ስትወስድ፣ በሬ አሮጌውን መልክ እንደያዘ ቀረ። ቶሎ ቶሎ የሚጠራ ቃል መልኩን በቀላሉ አይለቅም፤ በሬም ከገበሬ አፍ የሚጠፋ ቃል አልነበረም። በግ ደግሞ ሺፕ ነው፤ አንድም ይሁን መቶ ያው ሺፕ ነው። ሰው ማን፣ ሰዎች ሜን፤ ጥርስ ቱዝ፣ ጥርሶች ቲዝ ይባላሉ። እነዚህ የሚለወጡት ከሆዳቸው ነው።

ከሆድ መለወጥ ለእኛም አዲስ አይደለም። ከግዕዝ የወረስናቸውን ቃላት ተመልከቱ፤ ኮከብ ከዋክብት፣ ንጉሥ ነገሥት፣ መጽሐፍ መጻሕፍት። አንዳንድ ሰው ይህ አይበቃውም። «መጻሕፍቶች» ብሎ የበዛውን ደግሞ ያበዛዋል። እንግሊዞችም ያው ናቸው። ልጅ ቻይልድ፣ ልጆች ችልድረን ይባላል። ቃሉ ጥንት በሌላ መልክ በዝቶ ነበር፤ የኋላ ሰዎች እንዳልበዛ ቆጥረው በመጨረሻው «ን» ጨመሩለት። የእነሱ ግን ተለምዶ ሕግ ሆነ።

አሁን ወደ ማይቆጠረው እንለፍ። ውሃ ዎተር፣ ወተት ሚልክ፣ ማር ሀኒ፣ ጨው ሶልት፣ ስንዴ ዊት ይባላል። ለእነዚህ ኤስ አይጨመርም፤ ቁጥርም በቀጥታ አይቀድማቸውም። መቁጠር ከተፈለገ መስፈሪያ መፈለግ ነው። ሁለት ኩባያ ወተት ሲባል ቱ ካፕስ ኦፍ ሚልክ ነው። ልብ በሉ! ኤስ የተጨመረችው በኩባያው ላይ ነው። ወተቱ ያው ወተት ነው፤ የበዛው ኩባያው ነው። እኛስ አንድ ዛላ በርበሬ፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ሦስት ነዶ ገብስ እንል የለም? ጨውን እንኳ አባቶቻችን አሞሌ አድርገው ቆጥረውታል። አሞሌ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር።

የሚያስገርም ነገርም አለ። በእንግሊዝኛ ስንዴ አይቆጠርም፤ ባቄላ ግን ይቆጠራል። አተርማ ታሪክ አለው። ድሮ ፒዝ ሲባል እንደ ስንዴ የጅምላ ስም ነበር። መጨረሻው «ዝ» ስለሆነ ሰዎች የብዙ ቁጥር ምልክት መሰላቸው። ዛሬ 400 ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ያቺን «ዝ» ቆርጠው ጣሉና አንዷን ፍሬ ፒ አሏት። ከብት ካትል ነው፤ ሁልጊዜ ብዙ ነው፤ በነጠላ አይጠራም። አሥር ከብት ለማለት ቴን ኸድ ኦፍ ካትል ይላሉ፤ አሥር ራስ ከብት እንደማለት ነው። እኛ በቀንዱ እንጠራዋለን፤ እነሱ በራሱ ይቆጥሩታል። ከሁሉ የባሰው ገንዘብ ነው። መኒ የማይቆጠር ስም ነው! ብር ይቆጠራል፣ ሳንቲም ይቆጠራል፤ መኒ ግን አይቆጠርም። ይህን ስንነግራችሁ ብትስቁ አንፈርድባችሁም።

ታዲያ ይህ ከወረቀት ጋር ምን አገናኘው? እንበል አንድ ሰው «5 ስንዴ ተበድሬአለሁ» ብሎ ፈረመ። አምስት ምን? አበዳሪው ኩንታል ነው ይላል፤ ተበዳሪው ቁና ነው ይላል። ቁጥሩ ተጽፏል፤ መስፈሪያው አልተጻፈም። ሽማግሌ ቢቀመጥ በምን ይፈርዳል? ቁናም ከአገር አገር ይለያያል። ስለዚህ ስትፈርሙ ኩንታል ከሆነ ኩንታል፣ 500 ኪሎ ከሆነ 500 ኪሎ ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። የዩሪያ ጆንያ ላይ 50 ካያችሁም ቀጥሎ ያለውን ፈልጉ። ኬጂ የሚል ካለ 50 ኪሎ ነው። ኬጂ አጽሕሮት ስለሆነ ቁጥሩ ቢበዛም ኤስ አይጨመርበትም።

መድኃኒት ከዚህ ይብሳል። ኪኒን ይቆጠራል፤ አንዱ ታብሌት፣ ሁለቱ ታብሌትስ ነው። ሽሮፕ ግን ይሰፈራል እንጂ አይቆጠርም። ብልቃጡ ላይ 5 ኤም ኤል ከተባለ አምስት ሚሊ ሊትር ነው፤ ይኸውም አንድ ትንሽ የመድኃኒት ማንኪያ ነው። 5ን ብቻ አንብባ አምስት ማንኪያ የሰጠች እናት፣ ለልጇ የታዘዘውን አምስት እጥፍ ሰጠች ማለት ነው። ከብልቃጡ ጋር መለኪያ ካለ በእሱ ስጡ፤ የቤት ማንኪያ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ነው። ልጅ ሲያስቀምጠው የሚታዘዘው ኦ አር ኤስም እንዲሁ ነው። ፓኬቱ ይቆጠራል፤ ውሃው ይለካል። የተለመደው ፓኬት አንዱ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። በአንድ ብርጭቆ ከተበጠበጠ ጨው ይበዛበትና ልጁን ይጎዳዋል። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን መጠን አንብቡ፤ ቃሉ ካልገባችሁም ከጤና ጣቢያው ሳትወጡ «ስንት ነው? በምን ተለክቶ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።